የወሎው እረኛ አቡነ ጴጥሮስ፦ ፍርሃት በሕዝብ ላይ ሲነግሥ

በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን ሲደርስ ኢትዮጵያውያን የአንድ ጳጳስ ስም ያነሣሉ። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ዕለት የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፣ ሕዝብ እያየ፣ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት ተደብድበው ሞቱ። ስማቸውን በትምህርት ቤት ያልሰማ፣ ሐውልታቸውን በአካል ወይም በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ስለ አሟሟታቸው ብዙ ሲነገር፣ ከመሞታቸው በፊት ምን ተጠይቀው ምን እንደ ከለከሉ በጥሞና የሚመረምር ብዙ አይደለም።

የእኚህን አባት ሕይወት ለዚህ እትም የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ምእመናኖቻችን የሚኖሩባቸው ደሴና ኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸውም ያለው የወሎ ምድር፣ የእርሳቸው የእረኝነት ሀገር ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ፍርሃት በአንድ ሕዝብ ላይ እንዴት እንደሚነግሥ፣ ድፍረቱን በምን መንገድ እንደሚሸረሽር፣ በምንስ እንደሚሰበር የእርሳቸው ታሪክ ከብዙ ትምህርት በተሻለ ስለሚያስረዳን ነው።

አቡነ ጴጥሮስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባት ናቸው። እኛ ካቶሊኮች ስለ እርሳቸው ስንጽፍ የሌላውን ቤት ክብር ወደ ራሳችን ለመሳብ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ እኛ በምድር ገና ያልደረስንበት ፍጹም አንድነት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደማቸውን ባፈሰሱ ሰማዕታት ዘንድ አስቀድሞ የተፈጸመ መሆኑን አስተምረዋል። በዚህ መንፈስ የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ለእኛም አስተማሪያችን ነው።

ከመምህርነት ወደ ጵጵስና

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ በፍቼ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ የጥምቀት ስማቸውም ኃይለ ማርያም ነበር። በልጅነታቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ገብተው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ በዚያው ገዳም በ1909 ዓ.ም. መነኰሱ። ከምንኵስናቸው በፊትም ሆነ በኋላ ሥራቸው ማስተማር ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች በወሎ በምስካበ ቅዱሳን ገዳም፣ በኋላም በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ማፍራታቸውን ይተርካሉ። ስለዚህ ጳጳስ ሆነው ወደ ወሎ ሲመጡ ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም።

በግንቦት ወር 1921 ዓ.ም. ከሌሎች ሦስት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር በካይሮ በፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ተቀቡ። እነዚህ አራቱ አባቶች አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስትቀበል መኖሯን ስናስታውስ፣ የዚያን ቀን ትርጉም እንረዳለን። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚናገሩትን፣ በገዛ ሀዘኑ የሚያዝኑትን እረኞች አገኘ። በዚህም ምክንያት የእነዚህ አባቶች ቃል በሕዝቡ ዘንድ ታላቅ ክብደት ነበረው። ይህን ነጥብ አንባብያን በልባቸው እንዲይዙት እንለምናለን፤ ኋላ የመጣው ፈተና የተነሣው ከዚሁ ነውና።

ለአቡነ ጴጥሮስ የተሰጠው ሀገረ ስብከት ወሎንና መንዝን የሚያካትት ነበር። ወሎ ደግሞ ፍርሃት በሃይማኖት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ ያየ አገር ነው። ከደሴ ከተማ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ጉባኤ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዱ። ብዙዎች በቀን ተጠምቀው በሌሊት ወደ ቀድሞ ጸሎታቸው ይመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን በሸዋ የነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አቡነ ማስያስ፣ ኋላ ካርዲናል ማሳያ፣ ይህንኑ በትዝታቸው መዝግበዋል። ፍርሃት አካልን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣል፤ ልብን ግን በደጅ ያስቀራል። የወሎ ሕዝብ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከዚያ መከራ በኋላ በጉርብትናና በጋብቻ አብሮ ለመኖር የበቃው በግዴታ ሳይሆን እርስ በርሱ በመተማመን ነው።

ጦርነቱ በደሴ

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት፣ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚያገለግሉበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከጦሣ ተራራ ሥር በጠበበ ሸለቆ ውስጥ ለምትኖር ከተማ፣ ሞት ከሰማይ ሲወርድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በጦር ሜዳ የማይፈራ ሰው እንኳ ሊመክተው የማይችለውን መሣሪያ ባየ ጊዜ ልቡ ይርዳል። በዚያው ጦርነት የመርዝ ጋዝም በሕዝብና በወታደር ላይ ዘነበ። ወራሪው ይህን ሁሉ ያደረገው ለመግደል ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ መቃወም ከንቱ ነው ብሎ እንዲያምን ጭምር ነበር።

አቡነ ጴጥሮስ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ሰሜን ግንባር መዝመታቸው ይተረካል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን በሽንፈት ተደመደመ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሄዱ። ጳጳሱ ግን አስቀድመው ወዳደጉበት ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው፣ በሰላሌ ከነበሩት አርበኞች፣ በተለይም ከደጃዝማች አበራ ካሣ ጋር ተገናኙ። በዚያም ሕዝቡን ያጽናኑና ለነጻነቱ እንዲቆም ይመክሩ ነበር።

ሽብር የመንግሥት ሥርዓት በሆነ ጊዜ

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሙሶሊኒ ለማርሻል ግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም፣ በዐመፀኞችና ከእነርሱ ጋር ተባብሯል በተባለ ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት መርሕ በተከታታይ እንዲፈጸም ፈቀደ። ይህ በቁጣ ሰዓት የተነገረ ቃል አልነበረም፤ የታሰበበት የአገዛዝ ሥርዓት ነበር። አነስተኛ ሠራዊት ሰፊ አገርን በጠመንጃ ብቻ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በልቡ ውስጥ አንድ ዘበኛ እንዲቆምበት ማድረግ ያስፈልገዋል። ያ ዘበኛ ፍርሃት ነው።

ፍርሃት ሥራውን የሚሠራው በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ጥቂቶችን በአደባባይ ይቀጣል፤ ሌሎች እንዲያዩ ያስገድዳል። ቀጥሎ ጆሮ ጠቢ በየሠፈሩ ያሰማራል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ወንድም ወንድሙን መጠርጠር ይጀምራል። ከዚያ የነገሮችን ስም ይለውጣል፤ አርበኛው ሽፍታ፣ ለወራሪው ማደር ሰላም፣ ዝምታ አስተዋይነት ይባላል። በመጨረሻም ሰው ሁሉ በልቡ እየተቃወመ በአፉ ይስማማል፤ እያንዳንዱም ሌላው በእውነት የተስማማ ስለሚመስለው ብቻውን የቀረ ሆኖ ይሰማዋል። በዚህ ደረጃ ገዢው ብዙ ወታደር አያስፈልገውም። ሕዝቡ ራሱን በራሱ ይጠብቃልና።

ፍርሃት ያሠረው የኢትዮጵያን ሕዝብ ብቻ አልነበረም። የኢጣልያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለፋሺዝም ታማኝ እንዲሆኑ በመሐላ እንዲያረጋግጡ ባዘዘ ጊዜ፣ ከ1,200 ያህል መምህራን መካከል አንምልም ያሉት 12 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ፋሺስቶች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ደመወዝ፣ ቤተሰብ፣ የዕድሜ ልክ ሥራ ነበራቸው። ነገር ግን ያ ብዙ የተማረ አንደበት አራት ዓመት ቆይቶ ጦርነቱ ሲታወጅ የተናገረው አልነበረም። እንግዲህ የራሱን ሕዝብ በፍርሃት ዝም ያሰኘ መንግሥት ነበር ሌላውን ሕዝብ ዝም ለማሰኘት የመጣው።

የተጠየቁት አንድ ነገር

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ከየአቅጣጫው አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ጥቃት ሰነዘሩ። የክረምቱ ዝናብ ከብዶ፣ የጦሩ ቅንጅት ሳይሰምር፣ ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በኢጣልያውያን እጅ ገቡ። ችሎቱ የወታደር ችሎት ነበር፤ ጊዜም አልፈጀም። ክሱ ሕዝቡን ለዐመፅ አነሣሥተዋል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ወራሪው አንድ መነኵሴ ከመግደል የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር፤ አንድ ጳጳስ አፉን ከፍቶ ስለ እርሱ ቢናገርለት የሚያገኘው ግን ብዙ ነበር። ስለዚህም ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዙ፣ አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም መሣሪያውን አስረክቦ እንዲገባ እንዲሰብኩ መጠየቃቸው፣ ይህን ቢያደርጉ ሕይወታቸው እንደሚተርፍም እንደ ተነገራቸው ይተረካል። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስና ሌሎች ሹማምንት ገብተው ሳለ እርሳቸው ብቻ ለምን እንደሚያምፁ ሲጠየቁም፣ አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ መሆናቸውን፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ ስለ ሆኑ በአገራቸውና በቤተ ክርስቲያናቸው ላይ ኃላፊነት እንዳለባቸው መመለሳቸው በሕዝብ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

ከእርሳቸው የተፈለገው ነፍጥ አልነበረም፤ ነፍጥ አልነበራቸውም። መሬትም ሀብትም አልነበረም። የተፈለገው ድምፃቸው ነበር። ሕዝቡ የሚያምነውን ድምፅ የወሰደ ሰው ሕዝቡን ይወስዳል። ጳጳሱ ይህን በሚገባ ተረድተው ነበር። ነፍሳቸውን ማዳን የሚችሉት የመንጋቸውን ነፍስ በመስጠት ብቻ እንደ ሆነ አዩ፤ ስለዚህም ከለከሉ። በወንጌል መልካሙ እረኛ ከቅጥረኛው የሚለየው ተኵላውን ባለመፍራቱ ሳይሆን፣ ተኵላው ሲመጣ በጎቹን ትቶ ባለመሸሹ ነው። አቡነ ጴጥሮስም ሥጋ የለበሱ ሰው ነበሩ፤ ሞት አያስፈራቸውም ነበር ልንል አንችልም። ድፍረት የፍርሃት አለመኖር አይደለም፤ ፍርሃት እያለ ቃልን አለመለወጥ ነው። ስማቸውን የወረሱት ሐዋርያው ጴጥሮስ በእሳት ዳር በአንዲት ገረድ ጥያቄ ፈርቶ ጌታውን ካደ፤ ኋላ ግን በሮም ስለ ጌታው ሞተ። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ።

ከመገደላቸው በፊት ለወራሪው እንዳይገዛ ሕዝቡን መገዘታቸው ይነገራል። አንዳንድ አንባቢ ይህ በአንድ ፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር አይደለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛ የምንረዳው እንዲህ ነው። ግዝት የጳጳስ የመጨረሻ አጥር ነው። ወራሪው ጳጳሱ ለሕዝቡ ፈቃድ ሰጡ ብሎ እንዲያውጅ ይፈልግ ነበር፤ እርሳቸው ያንን በር ለዘላለም ዘጉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በአቡነ ጴጥሮስ ስም ሕዝቡን ለወራሪው እንዲገዛ ሊያዝ አልቻለም።

በአደባባይ የተገደሉት ሕዝቡ አይቶ እንዲፈራ ነበር። የኮሪየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ባልደረባ የነበረው ኢጣልያዊው ቺሮ ፖጃሊ በዚያ ወራት በአዲስ አበባ ያየውን በጋዜጣው ሊያትመው ስላልቻለ በግል ማስታወሻው ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻው ለኅትመት የበቃው ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ገዳዮቹ ዝም ያሰኙት አባት እስከ ዛሬ ሲናገር፣ የገዳዮቹ ጋዜጠኛ ግን እውነቱን በመሳቢያ ውስጥ ሸሽጎ ኖረ።

ከሞታቸው በኋላ

የአቡነ ጴጥሮስ ሞት ሽብሩን አላስቆመም። ከእርሳቸው ጋር የተቀቡት አቡነ ሚካኤል በዚያው 1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ ምሕረት ይደረግላችኋል በሚል ተስፋ እጃቸውን ሰጥተው፣ በታኅሣሥ ወር በፍቼ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ንጹሐን ታረዱ። በግንቦት ወር ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ፤ ኢጣልያውያኑ ራሳቸው በመጀመሪያ 297 መነኮሳትን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናትን መግደላቸውን ለአለቆቻቸው ጻፉ። ኋላ የተደረጉ ምርምሮች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ያመለክታሉ።

በዚያው ጊዜ ከአራቱ አባቶች አንዱ የነበሩት፣ በዕድሜ የገፉት አቡነ አብርሃም፣ በ1930 ዓ.ም. ወራሪው ላቋቋመው አመራር ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም አወገዘቻቸው። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተቀቡ አባቶች በአንድ ዘመን የተለያየ መንገድ ሄዱ። በደኅና ቤት ተቀምጠን በሽማግሌው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ጥንታዊ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሥ ዳክዮስ ክርስቲያኖች ሁሉ ለጣዖት ሠውተው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ ባዘዘ ጊዜ፣ ብዙዎች ፈርተው ሠዉ፤ ሌሎች ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ሲያልፍ የካርታጎው ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስና ሌሎች አባቶች የወደቁትን አልጣሏቸውም፤ በንስሐ ተቀበሏቸው። ነገር ግን ውድቀቱን ውድቀት፣ ሰማዕትነቱንም ሰማዕትነት ብለው በስሙ ጠሩት። ምሕረት የሚኖረው እውነት ሲነገር ነው።

የሽብሩ ሥርዓት አምስት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። ኢጣልያውያን በወሎ መንገድ ሠርተው፣ ኮምቦልቻንም የጦር ሰፈር አድርገው ነበር። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በኮምቦልቻ መተላለፊያ ላይ ከደቡብ አፍሪቃ ጦርና ከአርበኞች ጋር ለቀናት ከተዋጉ በኋላ ተሸነፉ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ነጻ ወጣች። የመንበሩ ባለቤት ግን ይህን ለማየት አልቆዩም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያንና ያ ዘመን

የካቶሊክ መጽሔት ስለ ሆንን አንድ ነገር ሳንጽፍ ልናልፍ አይገባንም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በነሐሴ 1927 ዓ.ም.፣ ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሐዊ ሊሆን እንደማይችል ተናግረው ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን በኢጣልያ የነበሩ ብዙ ጳጳሳት መንግሥታቸውን ደገፉ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በካቴድራላቸው ዘመቻውን አሞገሱ። በታኅሣሥ ወር ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ለጦርነቱ ወጪ እንዲሰጥ በተጠራ ጊዜ፣ የአንገት መስቀላቸውን የሰጡ ጳጳሳት ነበሩ። አንዳንዱን ፍርሃት፣ አንዳንዱን የሀገር ኩራት፣ ሌላውንም የመንግሥት ወዳጅነት አሳወረው። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። እረኛ ድምፁን ለገዢ ካዋሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ኦርቶዶክስም ይሁን ካቶሊክ፣ መንጋው ያለ ድምፅ መቅረቱን ለመማር ነው።

እኛም በዚህ ረገድ የራሳችን ምስክሮች አሉን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የእምነት ቃላቸውን እንዲለውጡ ተገድደው፣ አልለውጥም በማለታቸው በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት ታስረው ሞቱ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ ብለው ሲያውጁአቸው፣ ኢትዮጵያዊ ኅሊና በኃይል እንደማይገዛ መሰከሩ። እርሳቸውን ያሰራቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስን የገደላቸው የባዕድ መንግሥት ነበር። ከሁለቱም የተጠየቀው ግን አንድ ነው፤ የማያምኑበትን ቃል እንዲናገሩ።

ፍርሃት ይወረሳል

ወራሪው ሄደ፤ ፍርሃት ግን ሁልጊዜ ከወራሪ ጋር አይሄድም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ አሥር ሺህ ሰው በረኃብ ሲያልቅ፣ በየደረጃው የነበሩ ሹማምንት የበላያቸውን ላለማስቆጣት እውነቱን ሸፈኑት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ብሂል በዚያ ጊዜ ሕይወት አስከፈለ። እህል ካለበት አገር ወደ ሌለበት አገር እንዲደርስ መጀመሪያ አንድ ሰው ደፍሮ መራባችንን መናገር ነበረበት። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር መጣ፤ በከተሞቻችን የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ሲጣል፣ ወላጅ ልጁን እንዳያለቅስ ተከለከለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ፣ የቀረውም በሩን ዘግቶ ሲንሾካሾክ ከረመ።

ከእንዲህ ያለ ዘመን በሕይወት የተረፈ ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ምክር ይታወቃል፤ ዝም አይነቅዝም የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ልጁን በሕይወት ለማቆየት ነው። ነገር ግን በትውልድ ላይ ትውልድ ሲተካ፣ ያንን ምክር ብቻ የተማረ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ሐሰት ሲነገር ዝም ይላል፤ በመሥሪያ ቤቱ ድኃ ሲበደል ዝም ይላል፤ በሠፈሩ ጎረቤቱ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ሲሰደብ ዝም ይላል። በዚያን ጊዜ ማንም አምባገነን አላዘዘውም። ዝም አይነቅዝም እንበል እንጂ፣ ዝም ያለው ሰው ኅሊና ግን ይነቅዛል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናው የምታስተምሩ መምህራን የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ለልጆች ስትነግሩ፣ ጥይቱን ብቻ አትንገሩ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሐውልት የቆመለትን ሰው ከእኛ የተለየ ፍጡር አድርገን ማየት ይቀናናል። ልጆች የሚያስፈልጋቸው እንደ እነርሱ የገበሬ ልጅ የነበረ፣ ፊደል ቆጥሮ ያደገ መምህር፣ አንድ ቀን የማያምንበትን ቃል ተናገር ተብሎ አልናገርም ማለቱን ማወቅ ነው።

ሰማዕትነትን ማንም ሰው ከሌላው ሊጠይቅ አይችልም፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ከሁላችን የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ፣ ግን ዕለታዊ የሆነ ነገር ነው። ሐሰትን በአፋችን አለመድገም፣ ሰው በሌለበት ስሙ ሲጠፋ አለመተባበር፣ የተገፋው ሰው ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ከጎኑ መቀመጥ ነው። ፍርሃት ሰውን ብቻውን በማድረግ የሚገዛ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች እውነቱን ተነጋግረው በተማመኑበት ቤት ግዛቱ ይጎድላል። የቁምስና ማኅበር፣ የሰፈር ዕድር፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀመጡበት የወሎ ልቅሶ ቤትና የቡና ሥርዓት፣ እነዚህ ሁሉ ፍርሃት የማይወዳቸው ቦታዎች ናቸው።

ጌታችን በሐዋርያቱ ላይ መንፈሱን ያፈሰሰው ከፍርሃት የተነሣ በራቸውን ዘግተው በተቀመጡበት ቤት ነበር። በሩ የተከፈተው ጠላቶቻቸው ስለ ጠፉ አይደለም፤ እነርሱ ስለ ተለወጡ ነው። ለወሎ ምድርና ለመላዋ ኢትዮጵያ፣ ለእረኞችም ለመንጋውም፣ ያን መንፈስ እግዚአብሔር ያድልልን። አሜን።